ላንድክሩዘሩን ከሥር፣ ሊብሬውን ከላይ

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ ላንድክሩዘር ያለው ሻጭ አንገቱን ቀና አድርጓል። ጀማሪው ገዥ ቀለምና ጎማ አይቶ ይዋዋላል። ሻንሲው መበየዱን፣ ዲፈረንሻሉ ዘይት ማንጠባጠቡን የሚያየው ግን ከሥር የገባ መካኒክ ነው (የደላላው ሳይሆን የገዥው!)። ፎር ዊሉም የሚፈተነው ጭቃ ላይ እንጂ በቦሌ አስፋልት አይደለም።

ይህስ በገንዘብ ይጠገናል። ገዥን የሚያከስረው ወረቀቱ ነው። ለእርዳታ ድርጅት ወይም ለኢንቨስተር ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና፣ ቀረጡ ሳይከፈል መብቱ ለሌለው ገዥ ስም አይዛወርም። «በውክልና ይንዱት» ያለው ደላላ ኮሚሽኑን ይዞ ይሄዳል፤ መኪናው በሕግ የሌላ ሰው እንደሆነ ይቀራል። ሊብሬውን ይዞ ጉምሩክ መመላለስ ያሰለቻል፤ ቢሆንም መልሱ ሳይገኝ ቀብድ መክፈል አይገባም።