«ገና አልታወቀም» ማለት ነውር ነውን?

ባለፈው ሰሞን ለማስተማር ልምምድ በወጣሁበት ትምህርት ቤት ስለ ኤሌክትሪክ አስተምር ነበር። ኤሌክትሪክ በሽቦ ሲያልፍ እንቅፋት ስለሚገጥመው ሽቦው ይግላል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ የሚጋግረውም በዚሁ ነው አልኳቸው። አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ጭራሽ እንቅፋት የሌለው ነገር የለም?» አለኝ። «አለ፤ ሱፐርኮንዳክተር ይባላል» አልኩት። «እንቅፋቱ ለምን ጠፋ?» ቢለኝ ጊዜ ግን «ይህ ከዛሬው ትምህርት ውጪ ነው፤ ቁጭ በል!» ብዬ ዝም አሰኘሁት። እውነቱን ለመናገር መልሱን አላውቀውም ነበር።

ቆጭቶኝ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ባነብ፣ የመልሱ ግማሽ የታወቀ፣ ግማሹ ገና ያልታወቀ ሆኖ አገኘሁት።

እ.ኤ.አ. በ1911 ሆላንዳዊው ካመርሊንግ ኦነስ ሜርኩሪን ከዜሮ በታች ወደ 269 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢያቀዘቅዘው እንቅፋቱ ድንገት ጠፋ። ምክንያቱ የተገኘው ከ46 ዓመት በኋላ፣ በ1957 ነው። ባርዲን፣ ኩፐርና ሽሪፈር ኤሌክትሮኖች በአቶሞች ንዝረት አማካይነት ጥንድ ጥንድ ሆነው እንደሚጓዙ አስረዱ። ነገሩ ያለቀለት መሰለ።

በ1986 ግን ቤድኖርዝና ሙለር ስዊዘርላንድ ውስጥ መዳብና ኦክስጅን ያለበት ሸክላ መሰል ውሁድ ከቀድሞዎቹ ሁሉ ከፍ ባለ ሙቀት ሱፐርኮንዳክተር እንደሚሆን አገኙ። በ1987 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች ከዜሮ በታች 180 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚሠራ አገኙ። «ከፍተኛ ሙቀት» የሚሉት እንግዲህ ይህንን ነው! ለእኛ ውርጭ ቢሆንም ከ269ኙ አንጻር በጋ ነው።

እንቆቅልሹ እዚህ ላይ ነው። የእነዚህ ውሁዶች መነሻ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ነገር ነው፤ ጥቂት ኤሌክትሮን ሲቀነስለት ግን ሱፐርኮንዳክተር ይሆናል። ኤሌክትሮኖቹ እዚህም እንደሚጣመሩ ታውቋል። የሚያጣምራቸውስ ምንድን ነው? የድሮው ንዝረት ብቻውን እንደማይበቃ ብዙዎቹ ሊቃውንት ያምናሉ፤ የኤሌክትሮኖቹን ማግኔታዊ ጠባይ የሚጠረጥሩ ብዙ ናቸው፤ ሌላ የሚሉም አሉ። ሁሉም የተስማማበት ቲዎሪ እስከ ዛሬ የለም። ምስጢሩ ቢገለጥ፣ ያለ ማቀዝቀዣ የሚሠራውን ሱፐርኮንዳክተር ፍለጋ በጭፍን መሆኑ ይቀር ይሆናል።

አንዳንድ ጓደኞቼ «መምህር አላውቅም ካለ ይናቃል» ይላሉ። እኔ አልስማማም። እርግጥ «እኔ አላውቅም» እና «ገና አልታወቀም» የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው አንብቦ መምጣት የመምህሩ ዕዳ ነው፤ ሳያነቡ በሁለተኛው መሸፈን ስንፍና ብቻ ሳይሆን ውሸትም ነው። አንብቦ «እስከዚህ ታውቋል፤ ከዚህ ወዲያ ያለው ለእናንተ የተረፈ ነው» ማለት ግን ተማሪውን ወደ ሳይንስ መጋበዝ ነው። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ ጠያቂውን ቁጭ በል የምንለው እኛው ከሆንንስ?

ሰኞ ስመለስ ያንን ልጅ አስነስቼ ጥያቄውን ለክፍሉ በሙሉ እንዲደግምልኝ እጠይቀዋለሁ። እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር?