ፊደል እንደ ሥዕል፥ ፊደል እንደ ቃል

ከጃፓን ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ፥ በሸሚዙ ደረት ወይም በብስኩቱ ካርቶን ላይ ትርጕሙ የማይጨበጥ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሳያጋጥመው አልቀረም። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ይሥቃል። እኛ ግን ሣቁ ያለ ቦታው የዋለ ይመስለናል።

ጃፓናውያን የባዕድ ቃል የሚጽፉበት ካታካና የተባለ ፊደል አላቸው። በዚህ ፊደል የገባ ቃል የአገሩን ትርጕም ይዞ ይኖራል። በእንግሊዝ አገር «ማንሽን» የባለጠጋ ትልቅ ቤት ሲሆን በጃፓን የአፓርትማ መኖሪያ ነው፤ «ካኒንግ»፥ በእንግሊዝኛ ተንኰለኛ ማለት ሲሆን፥ በጃፓን በፈተና መኰረጅ ነው። እኛስ ብንሆን ጣሊያኖች እርሳስ የሚሉበትን «ላጲስ» ወስደን የእርሳስ ማጥፊያ አድርገን በየሱቁ እንሸጥ የለምን? ቅር ያለው ደንበኛ እስከ ዛሬ አልሰማንም።

በሸሚዝ ላይ የሚሣለው ፊደልማ ከዚህም ያልፋል፤ እንደ አበባ ይታያል እንጂ አይነበብም። ጁልየን ደንከርተንና ጄምስ ሆልደር የተባሉ እንግሊዛውያን ይህንኑ ገልብጠው፥ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. ሱፐርድራይ የተባለውን የልብስ ንግድ አቋቋሙ። በልብሱ ላይ ያኖሩት የጃፓን ጽሑፍ ለሚያነበው «እጅግ መድረቅ (አድርግ)» እንደ ማለት ያለ የተዘበራረቀ ነገር ነው። የእንግሊዝ ገዢ ግን በቅርጹ ተማርኮ ገዛ፤ ድርጅቱም በ2010 አክሲዮኑን ለለንደን ገበያ እስከ ማቅረብ ደረሰ። ስሕተት ነው ብሎ ለመፍረድ እኛ አንደፍርም።

ነገሩ የሚለወጠው ዕቃው አንባቢ ካለበት አገር ሲደርስ ነው። ከ1919 ጀምሮ በጃፓን የሚሸጠው ካልፒስ የተባለው የወተት መጠጥ፥ ስሙ በእንግሊዝኛ ሰሚ ጆሮ የላም ሽንት የሚል ስለ መሰለ፥ በአሜሪካ «ካልፒኮ» ተብሎ ይሸጣል። ያው መጠጥ፥ ሁለት ስም፥ ሁለት ዐይነት ማሸጊያ፤ ወጪውን ነጋዴ ያውቀዋል።

ስለዚህ ቡናውን በጃፓን ፊደል ባጌጠ ከረጢት ወደ ቶኪዮ ለመላክ ያሰበ ላኪ፥ እንዲሁም የአማርኛ ጽሑፍ ያለበትን ማሸጊያ በውጭ አገር የሚያሳትም አስመጪ፥ ናሙናውን በሠዓሊው ዐይን ብቻ አይመን። ቋንቋው የአፍ መፍቻው ለሆነ ሰው አስነብቦ ከዚያ በኋላ ይፈርም። የአንባቢው የአንድ ሰዓት ዋጋ ከማተሚያው ሒሳብ ጐን ቢጻፍ የሚቃወም የሒሳብ ሹም ይኖራል ብለን አናምንም።