ሳሩን ማን ይጨደው፤ ቤንዚን ወይስ ባትሪ?

ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ብቅ ማለት ስትጀምር የአዲስ አበባ ግቢዎች የጋራ ድምፅ አላቸው። ቅዳሜ ጠዋት ገና ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ከአንዱ አጥር ጀርባ የሞተር ገመድ ይሳባል፤ ሞተሩ ያስላል፣ ይጠፋል። እንደገና ይሳባል፣ ያስላል፣ ይጠፋል። በአምስተኛው ይነሣና የሳምንቱን እንቅልፍ ሊያካክስ የተኛውን ሰፈር በሙሉ ይቀሰቅሳል። ማንንም መውቀስ ግን አይቻልም። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ የጠጣ ሳር በየሳምንቱ ካልታጨደ ጉልበት ላይ ይደርሳል፤ የልጆች መጫወቻ መሆኑ ይቀርና ኳስ የሚጠፋበት ጫካ ይሆናል።

ዘንድሮ ከወዳጆቼና ከሥራ ባልደረቦቼ ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ "ኤሌክትሪኩ ያዋጣል ወይ?" የሚል ሆኗል። ጥያቄው ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ በየመንገዱ ድምፅ አልባ መኪና ማየት ለምደናል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የህዳሴው ግድብ ተመርቋል። መኪናው በኤሌክትሪክ ከሄደ፣ ሳር ማጨጃው ምን ቆርጦት ቤንዚን ይጠጣል?

እስቲ ረጋ ብለን እንየው። የዚህ አምድ ልማድ "ግዙ" ወይም "አትግዙ" ማለት ሳይሆን፣ ከኪሳችን ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት የምንጠይቀውን ማወቅ ነው።

ትንሽ ሞተር፣ ትልቅ ጭስ

ነገሩ በአሜሪካ በሕግ ደረጃ ተነሥቷል። የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሕግ መሠረት፣ ከ2024 የምርት ዘመን ጀምሮ የሚሸጡ አዳዲስ ሳር ማጨጃዎችና ቅጠል በነፋስ የሚጠርጉ ማሽኖች ጭስ አልባ እንዲሆኑ ተደረገ። ዋሽንግተን ዲሲ ከጥር 2022 ጀምሮ በቤንዚን የሚሠሩ የቅጠል መጥረጊያዎችን ከልክላለች። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ሲልቨር ስፕሪንግ የምትገኝበት የሜሪላንዱ ሞንጎመሪ ካውንቲም እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ሽያጫቸውን፣ ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ደግሞ አጠቃቀማቸውን አግዷል። ከዚያ አካባቢ የሚደውል ዘመድ ያለው ሰው ወሬውን ሳይሰማ አልቀረም።

ይህ ሁሉ ለምን? የካሊፎርኒያ የአየር ጥበቃ ተቋም ባሰላው መሠረት፣ ለንግድ ሥራ የሚውል አንድ የቤንዚን ሳር ማጨጃ በአንድ ሰዓት የሚያወጣው የከተማን አየር የሚበክል ጭስ፣ አንዲት ዘመናዊ የቤት መኪና 480 ኪሎ ሜትር ያህል ስትነዳ ከምታወጣው ጋር ይስተካከላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። መኪና ጭሱን የሚያጣራ መሣሪያ አለው፤ ትንሿ የሳር ማሽን አብዛኛውን ጊዜ የላትም። በተለይ ዘይትና ቤንዚን ተቀላቅሎ የሚሞላባቸው ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ከነዳጁ የተወሰነውን ሳያቃጥሉ ነው ወደ ውጭ የሚተፉት።

እኛ ዘንድ የሚጨመር አንድ ነገር አለ፤ ከፍታችን። የቤንዚን ሞተር ለመሥራት አየር ይፈልጋል፤ ከባሕር ጠለል በላይ በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ ወደ 3 በመቶ ያህል እንደሚያጣ መካኒኮች ይገምታሉ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት እዚህ ሲደርስ ሩብ ያህሉ የለም ማለት ነው። አየሩ ሲሳሳ ነዳጁ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩ ያጨሳል፣ ገመዱ አምስት ጊዜ ይሳባል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ለማቃጠል የሚፈልገው አየር ስለሌለ ከፍታችን ጉልበቱን አይነካበትም።

ጭሱን የሚተነፍሰው ማን ነው?

ስለ ሳር ማጨጃ ስናወራ ብዙ ጊዜ የምንረሳው ሰው አለ። ማሽኑን የምንገዛው እኛ ነን፤ እጀታውን የሚይዘው ግን በአብዛኛው በሳምንት አንድ ቀን እየመጣ ግቢያችንን የሚያሳምርልን አትክልተኛ ነው። የቤንዚን ማጨጃ በሠራተኛው ጆሮ አጠገብ 90 ዴሲቤል ገደማ ይጮኻል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ምርምር ተቋም ለስምንት ሰዓት ሥራ የሚመክረው ጣሪያ 85 ዴሲቤል ነው፤ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚመከረው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 91 ዴሲቤል ላይ የሚመከረው ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ለእኛ ግቢ አርባ ደቂቃ ምንም አይደለም ልንል እንችላለን። እሱ ግን ከእኛ ወጥቶ ወደ ጎረቤት፣ ከጎረቤት ወደ ሦስተኛው ቤት ይሄዳል። በአንድ ቅዳሜ አራትና አምስት ግቢ የሚያጭድ ሰው ጆሮው ላይ ምን እንደሚደርስ መገመት አያዳግትም። ቤንዚኑ ይቆይ የምንል ከሆነ እንኳ፣ የጆሮ መከላከያ ገዝቶ መስጠት ከትልቅነት የሚቆጠር ሳይሆን ግዴታችን ነው።

የሳጥኑን ጽሑፍ እንዴት እናንብብ?

እንጀራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ፣ ሳጥን ላይ ምን ለምን እንደሚጻፍ ትንሽ አውቃለሁ። "40 ቮልት ማክስ" የሚል ባትሪ ስታዩ፣ ያ ቁጥር ባትሪው ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ ሥራ ሳይጀምር ያለበት ነው። ሥራ ላይ ያለው መደበኛ ቮልት 36 ነው። "20 ቮልት ማክስ" እና "18 ቮልት" የሚሉትም እንዲሁ አንድ ናቸው። ውሸት አይደለም፤ ግን ትልቁን ቁጥር በትልቁ መጻፍ የሙያችን ጠባይ ነው።

ዓይናችሁን መጣል ያለባችሁ ዋት ሰዓት የሚለው ላይ ነው። ካልተጻፈ ራሳችሁ አባዙት፤ መደበኛውን ቮልት በአምፔር ሰዓት። 36 ቮልት በ5 አምፔር ሰዓት 180 ዋት ሰዓት ይሆናል። 18 ቮልት በ4 አምፔር ሰዓት ግን 72 ብቻ ነው። ሁለቱ ሳጥኖች በመደርደሪያ ላይ ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ ሁለተኛው ግን ሳሩን መሐል ላይ ጥሎ ይተኛል። 150 እና 200 ካሬ ሜትር ሳር ላለው ግቢ፣ ሳሩ ከልክ በላይ እስካልረዘመ ድረስ፣ የመጀመሪያው ዓይነት አንድ ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ይህን ለመሙላት ስንት መብራት ይፈጃል? 180 ዋት ሰዓት ማለት የኤሌክትሪክ ምጣዳችን አንድ ሁለት እንጀራ እስኪያወጣ የሚስበው ያህል ነው። ስለ ቆጣሪው የሚጨነቅ ሰው ካለ ይህን ይያዝ። መብራት ስለመጥፋቱም ቢሆን ባትሪ የመኪና ያህል አያስጨንቅም፤ ሐሙስ ማታ የተሞላ ባትሪ ቅዳሜ መብራት ቢሄድም ሥራውን ይሠራል።

ሌላው የሻጮች ብልሃት ደግሞ ይህ ነው፤ የአንዱ ኩባንያ ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ በሌላው ማሽን ላይ አይገባም። ስለዚህ ማጨጃ ስትገዙ ያንን ብቻ እየመረጣችሁ አይደለም፤ ነገ የሚመጣውን የአጥር መከርከሚያና የዳር ሳር መቁረጫም ጭምር ነው። በተመሳሳይ ባትሪ የሚሠሩት ሌሎች ዕቃዎች እዚሁ ገበያ ላይ ካሉ፣ ቀጣዩን ያለ ባትሪ በርካሽ መግዛት ይቻላል። ከሌሉ ብቸኛ ባትሪ ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

"ከአሜሪካ ይምጣልኝ" ለምትሉ

ለብዙዎቻችን ቀላሉ መንገድ ለሚመጣ ዘመድ መንገር ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። የመጀመሪያው፣ የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220። ቻርጀሩ ላይ "ኢንፑት" ከሚለው ቀጥሎ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከተጻፈ ችግር የለም። 120 ብቻ ከሆነ ግን ያለ ትራንስፎርመር የሰካችሁ ዕለት መጨረሻው ነው።

ሁለተኛው በሻንጣ የማይፈታ ነው። በመንገደኞች አውሮፕላን ላይ ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ የሊቲየም ባትሪ ይዞ መሳፈር አይፈቀድም። ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል፤ ትርፍ ባትሪ ደግሞ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ውስጥ አይገባም። ያ 180 ዋት ሰዓት ያልነው ባትሪ ዳላስ ኤርፖርት ላይ ይቀራል ማለት ነው። ዘመዳችሁን በሻንጣ ፍተሻ ላይ ከምታሳፍሩ፣ ባትሪውንና ቻርጀሩን እዚሁ ጥገና ከሚሰጥ አስመጪ መግዛት ይሻላል።

ገመድ ያለውስ?

ለትንሽ ግቢ በገመድ የሚሠራው ማጨጃ ርካሽ፣ ቀላልና ባትሪ የማይለወጥበት ነው። ከ1,200 እስከ 1,800 ዋት የሚስብ ሲሆን ይህ ከምጣዳችን ያነሰ ነው። ጥንቃቄው ግን ይበዛል። ማራዘሚያው ገመድ የመብራት ቀጭን ሽቦ መሆን የለበትም፤ 1.5፣ ርቀቱ ከበዛም 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ውፍረት ያለው ይሁን። በመጠቅለያ ላይ ያለ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ይዘርጋ፤ ተጠቅልሎ ሲሠራ ይግላል፣ ይቀልጣልም። ከሶኬቱ አጠገብ መጀመርና ወደ ሶኬቱ ሳይሆን ከሶኬቱ እየራቃችሁ መሄድ ገመዱን ከምላጩ ያድነዋል። እርጥብ ሳር ላይ በፍጹም አይሠራበትም። ኤሌክትሪሻን ጠርታችሁ፣ መብራት ወደ ሰው ሲያፈተልክ ወዲያው የሚቆርጥ ብሬከር በውጭው ሶኬት መስመር ላይ ካስገጠማችሁ ወጪው ለማጨጃው ብቻ አይደለም፤ ለልብስ ማጠቢያውም፣ ለልጆቹም ነው።

ሂሳቡ በአንድ ወረቀት

ብዙ ቤተሰብ የሚያነጻጽረው የመግዣውን ዋጋ ብቻ ነው። በዚያ ዓይን ባትሪው ሁልጊዜ ይሸነፋል። ትክክለኛው ንጽጽር የአምስት ዓመት ነው። በአንድ ወገን የቤንዚኑን ማሽን ዋጋ፣ በዓመት ስንት ጊዜ እንደምታጭዱና የምትሞሉትን ነዳጅ፣ የሞተር ዘይቱን፣ ካንዴላውን፣ የአየር ማጣሪያውን፣ እንዲሁም በየክረምቱ መግቢያ የሚከፈለውን የካርቡሬተር ማጠቢያ ጻፉ። ቤንዚን በማሽን ውስጥ ወራት ሲቆይ ይበላሻል፤ ተጣብቆ ካርቡሬተሩን ይደፍናል። ማደያ በጀሪካን አልሸጥም ሲል የምታጠፉትንም ጊዜ አትርሱ። በሌላው ወገን የኤሌክትሪኩን ዋጋ፣ የምላጭ ማሳያውንና በአምስቱ ዓመት ውስጥ አንድ ተለዋጭ ባትሪ መዝግቡ። ባትሪ ያረጃልና እሱን ሳይጽፉ ማስላት ራስን ማታለል ነው።

ወረቀቱ ለሁሉም አንድ መልስ አይሰጥም። ደኅና የሚሠራ የቤንዚን ማሽን ያለው፣ በዓመትም ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚያጭድ ቤተሰብ ማሽኑ እስኪያረጅ ቢጠብቅ አይፈረድበትም። በር ላይ የምንጣፍ ያህል ሳር ያለው ደግሞ ሁለቱንም አይፈልግም፤ ጥሩ የተሳለ ማጭድ ወይም በእጅ የሚገፋ ማጨጃ ይበቃዋል። በሪል እስቴት መንደር ለምትኖሩ ግን ሌላ መንገድ አለ። ሃያ ቤት ሃያ ማሽን ከሚገዛ፣ የነዋሪዎች ኮሚቴው አንድ ጥሩ ማጨጃ ከሁለት ባትሪ ጋር ገዝቶ ለመንደሩ አትክልተኛ ቢሰጥ ወጪው ይከፋፈላል፤ ሠራተኛውም ከጭሱ ይገላገላል።

ከገዛችሁ በኋላ ባትሪውን ፀሐይ ላይ ወይም ቆርቆሮ ሥር አትተዉት። በጋውን ሙሉ የማትጠቀሙበት ከሆነ ባዶውንም ሙሉውንም ሳይሆን በግማሽ ሞልታችሁ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት። ሲያረጅ ከቆሻሻ ጋር አይጣል፤ ተጨፍልቆ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ሳሩንም ቢሆን በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ከሲሶ በላይ አትቁረጡ፤ ሥሩ ይጠነክራል፣ ባትሪውም ይበረክታል።

እንደ እኔ እንደ እኔ፣ አዲስ ማሽን ሊገዛ የተነሣ የመካከለኛ ግቢ ባለቤት ዛሬ ቤንዚን የሚመርጥበት ምክንያት ጥቂት ነው። መብራታችን ከሞላ ጎደል ከውኃና ከነፋስ ይመነጫል፤ ቤንዚኑ ግን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ የሚመጣ ነው። ከሁሉ በላይ ግን የቅዳሜውን ወረቀት ስትጽፉ አትክልተኛችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡና "አንተ የቱን ትመርጣለህ?" በሉት። ቀኑን ሙሉ የሚገፋው እሱ ነውና ሻጩ የማይነግራችሁን ይነግራችኋል።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት።