ሳሪ፥ መርፌ ያልነካው ልብስ

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ከሕንድ የመጡ መምህራን ያስተማሯቸው ሰዎች ዛሬም በየቤታችን አሉ። የሴቶቹን መምህራን ልብስ ያልረሱ ብዙዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ይህ ሳሪ የተባለው ልብስ «የአሕዛብ ልብስ ነው» ሲባል የሰማንበት ጊዜ አለ። ከመፍረድ አስቀድሞ ነገሩን መመርመር ይገባል።

ሳሪ ያልተቀደደና ያልተሰፋ አንድ ወጥ ጨርቅ ነው። ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 6 ሜትር ነው፤ በማሃራሽትራ የሚለበሰው ጥንታዊው ዓይነት ግን 8 ሜትር ገደማ ይደርሳል። አለባበሱ እንደየአገሩ ይለያያል። በብዙ ስፍራ የሚታየው እንዲህ ነው፤ ሴቲቱ ከውስጥ ጉርድ ቀሚስና አጭር ሸሚዝ ለብሳ ጨርቁን በወገቧ ትጠመጥመዋለች፤ ከፊት ደራርባ አጥፋ ትሸጕጠዋለች፤ የተረፈውንም ጫፍ በግራ ትከሻዋ ላይ ትጥለዋለች። በሕንድ፥ በባንግላዴሽና በስሪ ላንካ የሂንዱ፥ የእስልምናና የክርስትና ተከታዮች የሆኑ ሴቶች ይለብሱታል። እንግዲህ ሳሪ የአገር ልብስ ነው እንጂ የአንድ ሃይማኖት ምልክት አይደለም።

ለዚህም በደቡብ ሕንድ፥ በኬረላ የሚኖሩት የማላንካራ ኦርቶዶክሳውያን ምስክሮች ናቸው። ቤተ ክርስቲያናቸው በጥር ወር 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ከእኛ ጋር የተቀመጠች እኅት ቤተ ክርስቲያን ናት። በእነርሱ ዘንድ ሙሽራው ለሙሽራዪቱ «ማንትራኮዲ» የሚባል ሳሪ ያመጣል። በጋብቻው ጸሎት ላይ ካህኑ ይባርከዋል፤ በራሷም ላይ ይደረጋል። በአንገቷ የሚታሰረው መስቀል ያለበት ትንሽ የወርቅ ጌጥ የሚንጠለጠለው ከዚሁ ጨርቅ በተመዘዙ 7 ክሮች ነው። ልብሱና ቃል ኪዳኑ በአንድ ክር ተያያዙ ማለት ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ሊሆንብን አይገባም፤ በሥርዓተ ተክሊል ካህኑ በሙሽሮች ልብስ ላይ ይጸልያልና። ካባችን ከሳሪው በመልክ ቢለይም፥ ሁለቱም የሚከብሩት በጸሎቱና በቃል ኪዳኑ ነው።

ስለዚህ እናቶችና አባቶች ሆይ፤ ልጆቻችሁ የሌላውን ሕዝብ ልብስ አይተው ሲሥቁ ዝም አትበሉ። የሠርጋችሁን ካባ ከሣጥን አውጥታችሁ አሳዩአቸው፤ በላዩ የተጸለየውንም ንገሯቸው። የራሱን ልብስ ክብር ያወቀ ልጅ የባልንጀራውን አይንቅምና።