ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት

እስኪ ዛሬ ማታ አንድ ነገር ሞክሩልኝ። ዜና ላይ ፊቸር ተብሎ የሚቀርበውን የሦስት የአራት ደቂቃ ዘገባ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት። ምን ገባችሁ? አዳራሽ፣ የታሸገ ውሃ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ ማስታወሻ የሚይዝ ሰው፣ ሪባን። አሁን ደግሞ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት። ምንም አልጎደለባችሁም አይደል? እንግዲህ ይሄ ሬዲዮ ነው። ካሜራው የመጣው ለአበል ነው።

"በጀት የለም፣ ካሜራው አሮጌ ነው" የሚለውን ሰበብ ተዉት። በጥቅምት 1977 ቢቢሲ ያሳየውን የኮረም ዘገባ ፈልጋችሁ እዩ። ኬንያዊው መሐመድ አሚን የቀረጸው በዚያ ዘመን ካሜራ ነው፤ ድሮን የለ፣ ምን የለ። ንጋት ላይ ሜዳውን የሞላውን ሕዝብ ቀስ ብሎ ያሳያችኋል፣ ከዚያ ወደ አንድ ፊት ይጠጋል። ማይክል በርክ ጥቂት ይናገርና ዝም ይላል፤ ለቅሶው ይሰማል። ቦብ ጌልዶፍ ያንን አይቶ ነው ለባንድ ኤይድ የተነሳው። (ያም ቢሆን እንከን አለበት፤ የእኛ ሰው በብዛት ታየ እንጂ አልተናገረም።)

ወደ እኛ ልምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔ ወዳለሁበት ትምህርት ቤት አንድ የቴሌቪዥን ቡድን መጣ፣ ስሙ ይቅር። ርዕሱ የመማሪያ መጽሐፍ ስርጭት ነው። ከሌላ ክፍል መጽሐፍ ተሰብስቦ ዴስክ ላይ ተደረደረ፤ "እያነበባችሁ ምሰሉ" ተባለ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ግን መጽሐፉ ለአምስት ስለማይበቃ ምዕራፉን ከነሥዕሉ በእስክሪብቶ የገለበጠችበትን ደብተር ይዛለች። ታሪኩ እሱ ነበር እኮ! ካሜራማኑ አየው። አየውና "ቀረጻውን ያበላሻል፣ አንሺው" አላት። ማታ በዜና "ተማሪዎቹ ደስተኛ መሆናቸውን ገለጹ"።

ተማሪዎቼ ከነበራችሁት መሃል ዛሬ ካሜራ የተሸከማችሁ አላችሁ። እናንተን ነው የማወራው። አለቃ አይፈቅድም ትሉኛላችሁ፤ ይገባኛል፣ የማይፈቀድ ነገር አለ። ግን የጀሪካን ድምፅ የከለከለ አለቃ አለ? የሴትየዋን እጅ በቅርብ አትቅረጽ ያለ አለ? ሁሉንም በአለቃ አታሳብቡ፣ ግማሹ ስንፍና ነው።

ከባለሥልጣኑ መኪና ቀድማችሁ ድረሱ። የሆነ ነገር የሚፈልግ ሰው ፈልጉ፤ ምን እንደከለከለውም ጠይቁ። ካሜራውን አቁሙና እስከ አስር ቁጠሩ፤ ወዲያ ወዲህ አታወዛውዙት፣ ዙሙንም ተዉት። እጁን፣ ፊቱን፣ ከዚያ የሚያየውን ነገር ቅረጹ። ሰውየው ሲያዝን ደግሞ እባካችሁ ዋሽንት አትደርቡበት፤ ራሱ ይሰማል።

ከዚያ ሊንኩን ላኩልኝ። እንደ ድሮው በቀይ እስክሪብቶ አርማለሁ።