የሱዳን ደኖች ከጦርነቱ በኋላ፦ ዛፉ ሲቆረጥ መሬቱ የማን ይሆናል?

ነጭ ዓባይ ከጥቁር ዓባይ ጋር በሚገናኝበት፣ ሱዳናውያን ሞግራን በሚሉት የካርቱም ክፍል አጠገብ፣ ለአሥርት ዓመታት ለከተማዋ ጥላና ንጹሕ አየር ሲሰጥ የኖረ የግራር ደን ነበር። ስሙ ሱኑት ነው፤ መጠሪያውን ያገኘው ከራሱ ከዛፉ ነው። በብሪታኒያ አስተዳደር ዘመን፣ በአውሮፓውያኑ 1939፣ የአእዋፍ መጠለያ ሆኖ ተከልሏል። ዛሬ ከደኑ የተረፈው በአብዛኛው ጉቶ ነው።

በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ውጊያ ሲቀሰቀስ የደን ጠባቂዎች ቦታቸውን ለቀቁ። ኤሌክትሪክና የማብሰያ ጋዝ ሲጠፋ ግራሩ ማገዶና ከሰል ሆነ። ልጆቹን ለማብላት እሳት ያነደደን አባወራ መውቀስ ይከብዳል። ጦሩ በመጋቢት 2025 ካርቱምን መልሶ ሲቆጣጠር ግን ከተማዋ የተረከበችው የተራቆተ የወንዝ ዳርቻ ነበር።

አሁን አሳሳቢው ጥያቄ ሌላ ነው። በሕግ የተከለለው መሬቱ እንጂ በላዩ የቆመው ዛፍ ብቻ አይደለም። ዛፍ የሌለበትን መሬት ግን «ደን መሆኑ ቀርቷል» ማለት ቀላል ነው። ይህ ስጋት ከመሬት የተነሳ አይደለም። የነዳጅ ገንዘብ ካርቱምን ባጥለቀለቀበት በ2000ዎቹ አጋማሽ፣ በሞግራን የቢሮ ሕንፃዎች፣ ቪላዎችና የጎልፍ ሜዳ ለመገንባት የታቀደው ግዙፍ ፕሮጀክት ወደ ሱኑት መጠጋቱ የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋቾችን አስቆጥቶ ነበር። ያኔ የቆመው ደን ራሱ ምስክር ነበር። ዛሬ ያ ምስክር የለም።

ከዋና ከተማዋ ውጭ ፉክክሩ የሚያይለው ስለ ወርቅ ነው። ደቡብ ሱዳን በ2011 ስትገነጠል ካርቱም ሦስት አራተኛ የሚሆነውን የነዳጅ ምርቷን አጣች፤ ክፍተቱን ለመሙላትም ወደ ወርቅ ዞረች። በይፋዊ መረጃ መሠረት የ2024 ምርት 64 ቶን ገደማ ሲሆን፣ በኮንትሮባንድ የሚወጣው ከዚህ ቁጥር ውጭ ነው። ሁለቱም ተፋላሚዎች ለጦርነቱ ከወርቅ ገንዘብ ያገኛሉ።

የአብዛኛው ምርት ምንጭ በባህላዊ መንገድ የሚቆፍሩ ሰዎች ናቸው። ሂደቱ ተደጋጋሚ ነው፤ መጀመሪያ ቆፋሪው ይመጣል፣ ገበያው ይከተላል፣ ከዚያ ቀረጥ ሰብሳቢው ይደርሳል። መንግሥት ከጉድጓዱ ገቢ ማግኘት ከጀመረ በኋላ ቆፋሪውን ማስወጣት የራሱን ኪስ መጉዳት ይሆንበታል። ፈቃዱ የሚመጣው ከቁፋሮው በኋላ ነው፤ ክልከላውም በወረቀት ላይ ይቀራል። በ2019 የአብደላ ሃምዶክ የሽግግር መንግሥት በወርቅ ማውጫዎች ሳያናይድና ሜርኩሪ መጠቀምን ቢከለክልም፣ ሜርኩሪ ዛሬም የቆፋሪው የዕለት መሣሪያ ነው።

በደቡብ ዳርፉር የሚገኘው የራዶም ብሔራዊ ፓርክ ከ1979 ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። በዚያው አካባቢ ያሉት የሶንጎ የወርቅ ጉድጓዶች ግን ለዓመታት በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ጥላ ሥር ሲሠሩ ቆይተዋል። በተመሳሳይ ዓመት የተመዘገበው ዲንደር ደግሞ ለኢትዮጵያ አንባቢ ሩቅ አይደለም። ወንዙ የሚነሳው ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ነው፤ ፓርኩም ከቋራው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ጋር ይዋሰናል። በአንዱ በኩል ጥበቃው ሲላላ ጉዳቱ ድንበሩን ተሻግሮ ይሰማል።

የሱኑት ዛፍ ግን አንድ ጠባይ አለው። ጎርፍ ይወዳል፤ ውኃው ሲሸሽ ዘሩ በደለሉ ላይ ይበቅላል። በክረምት ጥቁር ዓባይ ሞልቶ የነጭ ዓባይን ውኃ ወደ ኋላ ሲገፋው ዳርቻው እንደ ወትሮው ይሸፈናል። ችግኙ ከፍየልና ከምሣር ተጠብቆ እንዲያድግ ዓመታት ይፈልጋል። ለግንባታ የሚሆን የመሬት ይዞታ ወረቀት ግን በአንድ ቀን ይፈረማል።