በሞያሌ የዘፈን ምርጫ ሰዓት



የአገራችን ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ በ«ይድረስ» ይጀምራል። ይድረስ ለውድ እናቴ፣ ይድረስ ለወንድሜ ይላል። ይህ ቃል በወረቀት ላይ ብቻ የሚኖር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኛ ግን ለጥቂት ዓመታት በየሳምንቱ በማይክሮፎን ፊት ተቀምጠን ስንናገረው ስለ ቆየን፣ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጽ በኬንያዪቱ ሞያሌ በአንዲት አነስተኛ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያ የዘፈን ምርጫ ስናቀርብ ያየነውንና የሰማነውን ልናወጋችሁ ፈቀድን። በተለይም ወደ ጠረፍ አገር ለሥራ የሚታዘዙና አማርኛን በመማር ላይ ያሉ ሹማምንት ቢያነቡት ደስ ይለናል።

ሞያሌ ከአዲስ አበባም ሆነ ከናይሮቢ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ፣ በአንድ ስም እየተጠራች በሁለት መንግሥታት የምትተዳደር ከተማ ናት። በዐፄ ምኒልክ መንግሥትና በእንግሊዝ መካከል እ.ኤ.አ. በ1907 የተፈረመው ውል የወሰኑን መሥመር በዚያ በኩል ስላሳለፈው፣ ከተማዪቱ ከመሥመሩ ግራና ቀኝ አደገች። በመጻሕፍት ይህ መሥመር «ወሰን» ወይም «ድንበር» ይባላል፤ ድንበሩን ተከትሎ ያለው አገር «ጠረፍ» ነው፤ ፈታሾች የሚቆሙበት ስፍራ ደግሞ «ኬላ» ይባላል። አማርኛ የሚናገረው የሞያሌ ሰው ግን እነዚህን ቃላት አዘውትሮ አይናገራቸውም፤ «ማዶ» ይላል። እኅቴ ማዶ ናት፣ ዱቄቱ ከማዶ መጣ፣ ልጁ ማዶ ይማራል ይባላል። «ማዶ» ማለት ተናጋሪው ከቆመበት ወዲያ ያለው ስለ ሆነ፣ ይኸው አንድ ቃል ለሁለቱም አገር ያገለግላል።

በዚህች ከተማ ቦረና፣ ገብራ፣ ገሪ፣ ቡርጂ፣ ሳኩዬና ሱማሌ ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ከመሐል አገር የመጣ ነጋዴና ከናይሮቢ የተላከ ሠራተኛም ተጨምሮበታል። የሻይ ቤቱ አሳላፊ ከጧት እስከ ማታ ኦሮምኛ፣ ሱማልኛ፣ አማርኛና ስዋሂሊ እያቀያየረ ይናገራል፤ በየትኛው ቋንቋ እንደ ተናገረ ቢጠይቁት እሱ ራሱ ጥቂት ማሰብ አለበት። ቀድሞ ሕዝቡ በአጭር ሞገድ የሚሰማው የአዲስ አበባን፣ የናይሮቢንና የሞቃዲሾን ሬዲዮ ነበረ። ሦስቱም ያማረ ዘፈን ነበራቸው፤ ወሬያቸው ግን ከሞላ ጐደል የዋና ከተማ ወሬ ነበረ። የኬንያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን በምሥራቅ አገልግሎቱ በሱማልኛ፣ በቦረንኛና በቡርጂኛ ማሰማቱ ለጠረፉ ሕዝብ ትልቅ ነገር ነው። ቢሆንም የጎረቤትን ስም ጠርቶ ሰላም የሚል ሬዲዮ ሌላ ነው። በኬንያ የማኅበረሰብ ሬዲዮ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1982 በዩኔስኮ ርዳታ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር በሆማ ቤይ ሲሆን፣ ሁለት ዓመት ያህል ሠርቶ በመንግሥት ትእዛዝ ተዘግቶ ነበረ። የእኛዪቱ ጣቢያ ከዚያ ብዙ ዓመታት ቆይታ የመጣች፣ አንድ ክፍልና አንድ አንቴና ያላት፣ መብራት በጠፋ ቁጥር በጀኔሬተር የምትንገዳገድ ነበረች። ሞገዷን ግን የሚፈትሽ ኬላ ስላልነበረ፣ ከአድማጮቻችን ብዙዎቹ በኢትዮጵያ በኩል ያሉ ነበሩ።

የምርጫው ጊዜ ሐሙስ ማታ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ነበረ። አማርኛ የሚማር የውጭ አገር ሰው በሰዓት አቆጣጠራችን እጅግ ይቸገራል፤ ስዋሂሊ የሚያውቅ ግን ከቶ አይቸገርም። ስዋሂሊ ተናጋሪውም እንደ እኛው ሰዓቱን ከፀሐይ መውጣትና መጥለቅ ጀምሮ ይቆጥራልና፣ «ሳ ምቢሊ» ሲል ቃል በቃል ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው። ስለዚህ በሁለቱ ቋንቋዎች ሰዓት ስንናገር አንድ ጊዜም መደመርና መቀነስ አላስፈለገንም። በቊጥር ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ ስዋሂሊ «ኤልፉ» ሲል አንድ ሺሕ ማለቱ ሲሆን፣ የእኛ «እልፍ» ዐሥር ሺሕ ነው። በበሬ ገበያ ላይ ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም። ዓመተ ምሕረቱም አይገጥምም፤ አንዲት ልጅ ማዶ ላለች ጓደኛዋ የልደት መልካም ምኞት ስትልክ የተወለደችበትን ዓመት እንዳንጠቅስ ለምና ነበረ፤ በሁለቱ አቆጣጠር የስምንት ዓመት ክርክር ይነሣል ብላ ፈርታ ነው።

ዘፈን መምረጥ ቀላል ሥራ የሚመስለው ሰው ካለ በሞያሌ አንድ ወር ይሞክረው። ቦረና ከብቱን ያወድሳል፤ ገብራ ግመሉን ያወድሳል። የላምን ደም ግባት የሚያነሣ ዘፈን ካሰማን፣ የግመልን ትዕግሥት የሚያነሣውን ማስከተል ግዴታችን ነበረ። ከዕለታት አንድ ቀን በቱላ ጉድጓዶች የሚዘፈነውን የውሃ ቀጂዎች ዘፈን አሰማን። ከያቤሎ ወደ ሜጋ በሚወስደው መንገድ በዱብሉቅ ያለፈ ሰው እንደሚያውቀው፣ የቦረና ጎበዛዝት ከጥልቁ ጉድጓድ እስከ ገንዳው ድረስ ሰልፍ ሠርተው ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ይዘፍናሉ። የዘፈኑ ምት የእጃቸው ምት ነው፤ አንዱ ቢዘነጋ ውሃው ይደፋል። በማግስቱ ታዲያ አንድ አዛውንት በትራቸውን ይዘው ወደ ጣቢያው መጡና፣ «የእነ እገሌን ጉድጓድ አሰማችሁ። የእኛ ደርቋል ብሎ የነገራችሁ ማነው?» ሲሉ ጠየቁን። በሳምንቱ የእሳቸውም ጉድጓድ ተሰማ።

ይሁን እንጂ ዜማው ራሱ ከሰው ይልቅ የሚስማማ ነበረ። የአማርኛ ዘፈን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በሚባሉት ቅኝቶች ይዘፈናል፤ ባቲና አምባሰል የወሎ አገር ስሞች መሆናቸውን ሹማምንቱ ልብ ይበሉ። እነዚህ ቅኝቶች በአምስት ድምፅ የታነጹ ናቸው፤ የሱማሌም ዜማ እንዲሁ በአምስት ድምፅ የታነጸ ስለ ሆነ፣ ከትዝታ ቀጥሎ የሱማሌ ዑድ ቢሰማ የአድማጩ ጆሮ አይደናገጥም። የስዋሂሊ ዘፈን ግን የተለየ መሰላል ስላለው፣ መሸጋገሪያ ስንፈልግ ፋዲሊ ዊልያም ያሳወቀውን «ማላይካ» እናሰማ ነበረ። ስሙ «መልአክ» ከሚለው ቃላችን ጋራ የተዛመደ ነው ብለን ስንናገር፣ አንዳንዱ አድማጭ ዘፈኑ የእኛ ነው እስከ ማለት ደርሷል። ክርክር በበረታ ጊዜ ግን መሸሸጊያችን ዓሊ ቢራ ነበረ። በድሬዳዋ ተወልዶ በ2015 ዓ.ም. ያረፈው ይህ ታላቅ ዘፋኝ፣ ከኦሮምኛ ሌላ በአማርኛ፣ በሐረሪና በሱማልኛ ስለ ዘፈነ፣ «ለምን እሱን?» የሚል ሰው አልገጠመንም። ጥላሁን ገሠሠም በአማርኛና በኦሮምኛ ስለ ዘፈነ ከእሱ ቀጥሎ በብዛት ተጠይቋል።

ስለ ዘፈን ይህን ያህል ካልን ይበቃል፤ ሰው ወደ እኛ ይመጣ የነበረው ስለ ዘፈን ብቻ አልነበረምና። አንዲት ባልቴት ነበሩ፤ ልጃቸው ማዶ ካለ ቤተ ሰብ፣ ያውም ከሌላ ጎሣ፣ ተድራ ትኖር ነበረ። ሐሙስ ሐሙስ ከገበያ ሲመለሱ በጣቢያው በር ይቆማሉ። አንድ ቀን «እማማ፣ ዛሬስ የትኛውን ዘፈን እናሰማልዎ?» አልናቸው። «ዘፈኑን አንተው ምረጠው ልጄ፤ እኔ የመጣሁት ስሟ እንዲጠራ ነው፤ ደግሞ የእሷን ብቻ አይደለም፤ በመጀመሪያ የአማቷን ስም ጥራ፣ ቀጥሎ የባሏን፣ የእሷን ከኋላ» አሉን። እኛም እንዳሉን አደረግን። ሴትዮዋ ማንበብና መጻፍ አያውቁም፤ ነገር ግን የስም ቅደም ተከተል ምን እንደሚሠራ ከእኛ አብልጠው ያውቁ ነበረ። የአማትየው ስም በሬዲዮ ቀድሞ የተጠራ ዕለት፣ በዚያ ቤት ለምራቲቱ ያለው ፊት እንደሚፈታ ተረድተውታል። ከዚያ ወዲህ «ይድረስ» ስንል የማንን ስም እንደምናስቀድም ላኪውን መጠየቅ ልማድ አደረግን። የተጠሪው ዝርዝር ከዘፈኑ የረዘመበት ምሽት ጥቂት አይደለም። ከናይሮቢ መጥቶ የጐበኘን አንድ የሬዲዮ ባለሙያ ይህን ሰምቶ፣ ዘፈኑ በዝቶ ስሙ ቢያንስ ፕሮግራሙ ያምራል ብሎን ነበረ። ለናይሮቢ እውነቱን ነው።

ነገር ግን ስም መጥራት የሚያስፈራም ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በ1993 በሩዋንዳ የተቋቋመው ሚል ኮሊን የተባለው ሬዲዮ በመጀመሪያ ወጣቱን የሳበው በኮንጎ ዘፈንና በቀልድ ጨዋታ ነበረ። በ1994 ግን ይኸው ሬዲዮ በዘፈን መካከል የሰዎችን ስምና መኖሪያ እያነበበ ለገዳዮች አሳልፎ ሰጠ። እንግዲህ የስም ዝርዝር ማንበብ በአንዱ ስፍራ የሰላምታ፣ በሌላው ስፍራ የሞት ሥራ ሆኖ ተገኝቷል፤ ማይክሮፎኑ ያው ማይክሮፎን ነው። ይህን ስለምናውቅ በጣቢያዪቱ ግድግዳ ላይ ሦስት መሥመር ጽፈን ለጠፍን፤ ስምና የአባት ስም ይነበባል፤ ጎሣ አይነበብም፤ የሚያድሩበት ስፍራ አይነበብም። ሕጉ በጽሑፍ ቀላል ነበረ። የመጨረሻው መሥመር ምን ያህል እንደሚከብድ የታወቀው በኋላ ነው።

በ2010 ዓ.ም. መጋቢት 1 ቀን በኢትዮጵያዪቱ ሞያሌ ሰላማዊ ሰዎች በወታደሮች ተገደሉ፤ በተከታዮቹም ቀናት ብዙ ሺሕ ሕዝብ ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ኬንያ ገባ። ሰው በዛፍ ሥር፣ በትምህርት ቤት ግቢና በዘመድ ጓሮ አደረ። የሚበዙት ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ፤ በሽሽቱ እናት ከልጅዋ፣ ወንድም ከእኅቱ ተለያየ። በጣቢያዪቱ ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቹ ባልደረቦቻችን ሰው በሐዘን ላይ ሳለ የዘፈን ምርጫ ማሰማት ነውር ነው፣ ሰዓቱ ይዘጋ አሉ። ሌሎቹ ሰዓቱ ከተዘጋ ስም የሚጠራበት ሌላ ስፍራ የለም አሉ። እኛ ከኋለኞቹ ጋራ ቆምን። የጭፈራ ዘፈን ቀርቶ፣ በየመካከሉ ድምፁ ዝግ ያለ ክራር ብቻ እንዲሰማና የቀረው ጊዜ ሁሉ ለስም እንዲሆን ተስማማን። ሰዓቱም ከአንድ ወደ ሁለት ከፍ አለ።

ስሙን የምንጽፍበት ደብተር በሦስት ቀን አለቀ። የሚመጣው ሰው ሁሉ የሚጠይቀን ያንኑ የከለከልነውን ነገር ነበረ፤ «እገሌ ካለሁበት እንዲመጣ ስፍራውን ንገሩልኝ» ይላል። እናት ናትና እውነትዋን ነው። እኛ ግን ማን እንደሚያዳምጥ ስለማናውቅ ስፍራ አልተናገርንም። በዚህ ፈንታ «የሚፈልጉህ ደኅና ናቸው፤ ወደ ጣቢያው ና» እያልን ጠራን። ስለዚህ የጣቢያዪቱ በር መገናኛ ሆነ። አንድ ሰው እየተሳደበ መጥቶ እኅቱን ከበሩ ላይ ሲያገኛት ስድቡን ሳይጨርስ አለቀሰ። ሳይገናኙ የቀሩም ነበሩ፤ ስማቸውን ደጋግመን ጠርተን ያልመጡ አሉ።

ከላይ ያነሣናቸው ባልቴት በሁለተኛው ሳምንት መጡ። ልጃቸው ከነባልዋ መሻገርዋን አስቀድመው ሰምተዋል፤ የጠፉት አማትዋ ነበሩ። በዚያን ጊዜ የዚያን ጎሣ ሰው ስም በፍቅር ማስጠራት ከጎረቤት ጋራ የሚያጣላ ነበረ። ይህንኑ በትሕትና ብንነግራቸው፣ «ሐሙስ ሐሙስ ማንን ነው ስታስቀድም የኖርከው? ዛሬም እሷን አስቀድም» አሉን። የአማትየው ስም በዚያ ማታ ከሁሉ በፊት ተነበበ። ሴትዮዋ ከሦስት ቀን በኋላ ተገኙ፤ ከሩቅ ዘመድ ቤት ተቀምጠው ሬዲዮ አልሰሙም ነበረ፤ የሰማ ሰው ነው ሄዶ የነገራቸው። ከስደተኛው ብዙው በተከታዮቹ ወራት ወደ ቤቱ ተመልሷል፤ ሁለቱ አማቾችም በየፊናቸው ማዶ ለማዶ ሆኑ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የሁለቱ አገር መሪዎች በሞያሌ የጋራ የኬላ ሕንፃ መርቀው ከፈቱ፤ መንገደኛው በአንድ ስፍራ ለሁለቱም መንግሥት ወረቀቱን ያሳያል። ወጣቱም ዘፈኑን በስልኩ ራሱ ይልካል። እኛ ጣቢያዪቱን የለቀቅነው ከዚህ ቀደም ብሎ ሲሆን፣ የሐሙሱን ሰዓት አንዲት ወጣት ተረክባ የቡርጂ የሠርግ ዘፈን ጨመረችበት። የመክፈቻውን ዜማ በለወጠች ጊዜ አድማጮች አንድ ወር ሙሉ አጉረመረሙ፤ ከዚያም ለመዱት። ደብተሮቹን ስናስረክባት፣ ከግድግዳው ላይ ያሉትን ሦስት መሥመሮች ልታነሣ ወይም ልታቆይ ትችል እንደ ሆነ ጠየቀችን። ውሳኔው የእሷ መሆኑን ነገርናት። እሷም ወረቀቱ አርጅቷል ብላ በአዲስ ወረቀት ገልብጣ ለጠፈችው።